ለቆዳዎ ዓይነት የሚስማማ ፋውንዴሽን እንዴት ይመረጣል?

የፊትን ቀለም አንድ ወጥ የሚያደርገውን መዋቢያ፣ ፋውንዴሽንን፣ ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀለሙ ልክክ ብሎ ሳለ ግን እኩለ ቀን ሳይደርስ አፍንጫ ላይ የሚቀልጥ፣ ጉንጭ ላይ የሚፈረፈር፣ ግንባር ላይ የሚሰነጣጠቅ ፋውንዴሽን ብዙ ነው። ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም። ቀለሙን የተሸከመው ውሃ፣ ዘይት ወይም ሲሊኮን የሚባለው ሰው ሠራሽ ማለስለሻ ከቆዳው ጋር አልተስማማም ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቆዳውን መለየት፣ ቀጥሎ ለእሱ የሚሆነውን የፋውንዴሽን ዓይነት መምረጥ፣ ቀለሙን ደግሞ መጨረሻ ላይ መፈለግ ይሻላል።

ቆዳዎን በሶፍት ይፈትኑ

ፊትዎን ለስላሳ በሆነ የፊት መታጠቢያና ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ፤ ሳያሹ በፎጣ ጠቅ ጠቅ አድርገው ያድርቁ። ክሬምም ሆነ ሎሽን ሳይቀቡ 1 ሰዓት ያህል ይቆዩ። ስፖርት ሠርተው ወይም ከፀሐይ ገብተው ወዲያው አይሞክሩት፤ ላብ ውጤቱን ያዛባል። ከዚያ ንጹሕ ሶፍት በግንባርዎ፣ በአፍንጫዎ፣ በአገጭዎና በሁለቱ ጉንጮችዎ ላይ በየተራ ለ10 ሴኮንድ ያህል ጫን አድርገው ይያዙ፤ ለእያንዳንዱ ቦታ አዲስ ሶፍት ይጠቀሙ።

ሶፍቱ ሁሉም ቦታ ላይ ወዝ ካነሳ ቆዳዎ ወዛም ነው። ከግንባር፣ ከአፍንጫና ከአገጭ ብቻ ካነሳና ጉንጭዎ ላይ ደረቅ ሆኖ ከቀረ ድብልቅ ነው። የትም ቦታ ምንም ካላነሳና ፊትዎ ሲስቁ የሚወጠር ከሆነ ደረቅ ነው። ካልተወጠረና ካላብረቀረቀ መካከለኛ ቆዳ አለዎት፤ ምርጫዎም ሰፊ ነው። ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ከእነዚህ ከየትኛውም ጋር አብሮ ሊኖር ስለሚችል በሶፍት አይለይም። አዲስ ነገር ሲቀቡ የሚያቃጥልዎት፣ የሚያሳክክዎት ወይም የሚቀላ ከሆነ ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ምልክቱ ያ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ፊት እያብረቀረቀም ሊወጠር ይችላል። ይህ ቆዳው ወዝ ሞልቶት ውሃ ያነሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያመጣውም ጠንካራ ሳሙና ነው። እንዲህ ያለው ሰው ራሱን ደረቅ ነኝ ብሎ ዘይት የበዛበት ፋውንዴሽን ሲገዛ በሰዓታት ውስጥ ይንሸራተትበታል። መፍትሔው ሳሙናውን መቀየር፣ ዘይት የሌለው ጄል መሳይ ማርጠቢያ ለ2 ሳምንት ያህል መቀባት፣ ከዚያ እንደገና መፈተን ነው። የአየር ጠባይ ሲለወጥም ቆዳ ይለወጣልና ፈተናውን አልፎ አልፎ መድገም አይከፋም።

ለየትኛው ቆዳ የትኛው ይሆናል?

ወዛም ቆዳ ላይ ፋውንዴሽን የሚበላሸው ከቆዳ የሚወጣው ወዝ የቀለሙን ስስ ሽፋን ስለሚያላቅቀው ነው። ዘይት የሌለው፣ የማያብረቀርቅ ማለትም ማት የሆነ ፈሳሽ ፋውንዴሽን ይፈልጉ። ሲሊካና ካኦሊን ወዝ የሚመጥጡ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ረጅም ሰዓት ይቆያሉ የሚባሉት በፍጥነት በሚተኑ ፈሳሾች ስለሚሠሩ ቶሎ ይደርቃሉ፤ ፊትን ሁሉ ነጠብጥቦ ከመጀመር ይልቅ አንዱን ጉንጭ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ያስፈልጋል። አለበለዚያ የደረቀው ጠርዝ እንደ ካርታ መስመር ይታያል። ቀን ላይ ሲያብረቀርቅም ወዙ ላይ ፓውደር አይጨምሩ፤ ወዝና ፓውደር ተቀላቅለው ሊጥ ይሆናሉ። መጀመሪያ በሶፍት ወዙን ያንሱ፣ ከዚያ በጣም ትንሽ ፓውደር ይንኩበት።

ደረቅ ቆዳ ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ ግሊሰሪን፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ ወይም ስኳሌን ያለበት ፈሳሽ ወይም ክሬም ፋውንዴሽን። ማትና ፓውደር ፋውንዴሽን ያለችውን ጥቂት እርጥበት ይወስዱና እያንዳንዷን መስመር ያወጧታል። በብዙ አገሮች ደንብ መሠረት ንጥረ ነገሮች ማሸጊያው ላይ የሚጻፉት ከብዙው ወደ ትንሹ ነው፤ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ብቻ ያለ ቅደም ተከተል ሊጻፉ ይችላሉ። ስለዚህ ቆዳን የሚያደርቀው አልኮል፣ አልኮል ዴናት የሚለው፣ ከላይ ካሉት አምስት ስሞች መካከል ከሆነ ለደረቅ ቆዳ ይተውት። ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር፣ ፋውንዴሽን የሚላጥ ቆዳን አይሸፍንም፤ ቅርፊቱ ላይ ተይዞ ይበልጥ ያሳየዋል። የሚላጠውን አስቀድሞ በማርጠቢያ ማለስለስ፣ ማርጠቢያው እስኪገባ 5 ደቂቃ መጠበቅ፣ ፋውንዴሽኑን ከዚያ በኋላ መቀባት ነው።

ለድብልቅ ቆዳ ብዙ ጊዜ ሁለት ፋውንዴሽን እንዲገዛ ይመከራል። አያስፈልግም። በማትና በሚያብረቀርቀው መካከል ያለውን፣ ሳቲን የሚባለውን አንድ ብቻ ይያዙ፤ ልዩነቱን ከስርና ከላይ በሚቀባው ይፍጠሩ። ጉንጭ ላይ ማርጠቢያ፣ ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ብቻ ደግሞ ትንሽ ፓውደር ይበቃል።

ቡግር ለሚወጣበት ፊት ቀዳዳ አይደፍንም የሚል ጽሑፍ ያለበትን ይምረጡ፤ ይሁን እንጂ አባባሉን ሁሉም አምራች የሚለካበት አንድ የተቆረጠ መስፈርት የለም። ወፍራም ሽፋን በፊት ሁሉ ከመቀባት ስስ ፋውንዴሽን ቀብቶ ቡግሩን ብቻ እንከን በሚሸፍነው ወፈር ያለ መዋቢያ (በኮንሲለር) መንካት ይሻላል። ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ያለው ሰው ሽቶ ያልተጨመረበትን ይፈልግ። “ሽታ የሌለው” ማለት ግን ሁልጊዜ ሽቶ የለበትም ማለት አይደለም፤ ሌላውን ሽታ ለመሸፈን ሽቶ የተጨመረበት ሊሆን ይችላል። ከመጠቀምዎ በፊት በክንድዎ የውስጥ ክፍል አንድ ቦታ ላይ በቀን 2 ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቀቡት። ካሳከከ ወይም ካበጠ ይታጠቡትና ይተዉት።

ከስር የሚቀባውንም ያዛምዱ

ፋውንዴሽን እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተንከባለለ ሲነሳ ብዙ ሰው ፋውንዴሽኑን ይጥላል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከፋውንዴሽን በፊት የሚቀባው ማዘጋጃ (ፕራይመሩ) ወይም የፀሐይ መከላከያው (ሰንስክሪኑ) ሲሊኮን የበዛበት፣ ፋውንዴሽኑ ደግሞ ውሃ የበዛበት መሆኑ ነው። ስማቸው በ“ኮን” ወይም በ“ሲሎክሴን” የሚያልቅ እንደ ዳይሜቲኮን ያሉት ሲሊኮኖች ናቸው። ውሃ በዝርዝሩ አንደኛ መሆኑ ብቻውን አያረጋግጥም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ያሉትን ይመልከቱ። ካልገባዎት ከሁለቱም አንድ አንድ ጠብታ በእጅዎ ጀርባ ላይ ያቀላቅሉ። ከተቆራረጡ ወይም ከተለያዩ ፊትዎ ላይም አይስማሙም።

አሁን ቀለሙን ይፈልጉ

ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ስንል የምንናገረው ቆዳው ምን ያህል የነጣ ወይም የጠቆረ መሆኑን ነው። ሼድ ማለትም የፋውንዴሽኑን የቀለም ደረጃ ለመምረጥ ግን አንደርቶን የሚባለው፣ ከስር የሚታየው ቀለምም ያስፈልጋል፤ ወደ ቢጫና ወርቃማ ያደላ፣ ወደ ሮዝና ቀይ ያደላ፣ ወደ አረንጓዴ የሚቀርብ ወይም ከሁሉም መካከል የሆነ። በእጅ አንጓ የደም ስር ቀለም መለየት ይቻላል ይባላል፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ የደም ስሩ ራሱ በደንብ ስለማይታይ ይህ ዘዴ አይታመንም።

የሚሻለው እዚያው ፊት ላይ ማየት ነው። ይቀርባሉ ያሏቸውን 3 ሼዶች ከመንጋጋዎ ጀምሮ ወደ አንገትዎ በሚወርድ ስስ መስመር ጎን ለጎን ይቀቡ። እጅ ላይ አይሞክሩ፤ የእጅ ቀለም ከፊት ይለያል። ብዙ ሰው የነካውን የሱቅ መሞከሪያም (ቴስተር) በቀጥታ ፊትዎ ላይ አያድርጉ፤ በንጹሕ ቀጭን እንጨት ወይም ጥጥ ይውሰዱ። ከዚያ መስታወት ይዘው ቀጥተኛ ፀሐይ ወደማያርፍበት የቀን ብርሃን ይውጡ። የሱቅ አምፖል ቢጫውን ወይም ሰማያዊውን ስለሚያጎላ ያታልላል። ትክክለኛው ሼድ ጠርዙ የጠፋው ነው።

ወዲያው ግን አይወስኑ። ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ ቢቻል 1 ሰዓት ይጠብቁ። ፈሳሹ ሲተንና ቀለሙ ከወዝ ጋር ሲቀላቀል ፋውንዴሽን ሊጠቁር ወይም ወደ ብርቱካን ሊያደላ ይችላል፤ ይህ በተለይ ወዛም ቆዳ ላይ ይታያል። ያጠቆረብዎት ሼድ አንድ ደረጃ ቀለል ሲል ልክ ሊመጣ ይችላል።

ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ትልቁ ቅሬታ አመድ መምሰል ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ መብዛቱ ወይም አንደርቶኑ ወደ ሮዝ ማድላቱ ነው። ጠቆር ያለ ሼድ መጨመር ሁልጊዜ አያድነውም፤ በዚያው ደረጃ ላይ ወርቃማ ወይም ቀላ ያለ አንደርቶን ያለውን መፈለግ ነው። ፌንቲ ቢዩቲ የተባለው የመዋቢያ አምራች በአውሮፓውያን 2017 በ40 ሼዶች ገበያ ከገባ ወዲህ በርካታ አምራቾች የጥቁር ቆዳ ሼዶቻቸውን ጨምረዋል፤ ቁጥሮቻቸው ግን ከአምራች አምራች አይመሳሰሉም። የአንዱ 240 ከሌላው 240 ጋር ዝምድና የለውም። ግንባራቸውና የአፋቸው ዙሪያ ከጉንጫቸው የሚጠቁር ሰዎችም ብዙ ናቸው። በጉንጩ ቀለም ሁሉን ከመቀባት በሁለት ተቀራራቢ ሼዶች ቢሠሩ ፊቱ የራሱን ቅርጽ አይለቅም።

የፀሐይ መከላከያ አለው የሚለው ጽሑፍ

ማሸጊያው ላይ ያለው ኤስፒኤፍ የሚባለው የፀሐይ መከላከል አቅም ቁጥር የሚለካው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው። ፋውንዴሽን ያን ያህል የሚቀባ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰንስክሪን ለብቻው ከስር ይቀቡ። ማድያት ያለበት ሰው አይረን ኦክሳይድ ያለበትን ቢመርጥ ደግ ነው፤ ይህ ቀለም ሰጪ ማድያትን ከሚያባብሰው ከሚታየው ብርሃን የተወሰነውን ይከላከላል። ማታ በፍላሽ ፎቶ የሚነሱ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ በፍላሽ ይሞክሩት፤ ቲታኒየም፣ ዚንክ ወይም ሲሊካ ፓውደር የበዛበት ፊትን ነጭ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

የገዙት ዕለት

በግማሽ ፓምፕ ይጀምሩ። ከፊት መሃል ወደ ውጭ፣ ረጥቦ በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ እያሹ ሳይሆን ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ይቀቡ። ማሸት ከስር ያለውን ሰንስክሪን ያነሳል። ካልሸፈነ በጎደለው ቦታ ላይ ብቻ ይጨምሩ። ብሩሹንና ስፖንጁን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ በሳሙና ይጠቡ፤ ቡግር ሲብስ ብዙ ሰው ፋውንዴሽኑን እንጂ ስፖንጁን አይጠረጥርም።

ማሸጊያው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ትንሽ ማሰሮ ምስል አለ፤ በውስጡ ያለው 6፣ 12 ወይም 24 ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት የወራት ብዛት ነው። የከፈቱበትን ቀን ጠርሙሱ ስር ይጻፉ። ሽታው ከተለወጠ፣ ወይም ተለያይቶ ሲወዘወዝ መልሶ ካልተዋሃደ፣ ወሩ ባይሞላም ይጣሉት።