ጂሲዎች (የዘንድሮ ተመራቂዎች)፣ እነዚህን ስህተቶች እባካችሁ ተዉ (ከኮፒ ቤቱ)

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ በር አካባቢ ኮፒ ቤት አለኝ። እዛው ግቢ ተምሬ በ2011 ተመርቄ፣ ስራ እስካገኝ ብዬ በጓደኛዬ ኮምፒውተር ታይፕ መስራት ጀመርኩ፣ ይኸው እስካሁን አለሁ። ሲቪ በሉት፣ የፋይናል ፕሮጀክት ጥራዝ በሉት፣ ቲሸርት በሉት፣ የጂሲ መፅሄት በሉት፣ ሁሉም በኔ እጅ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚ ስለ ተመራቂ ከዲፓርትመንት ሃላፊው የተሻለ አውቃለሁ ብል ውሸት አይሆንብኝም። ባለፈው ደሞ አንዱ ፍሬሽ መጥቶ "ጋሼ፣ ፕሪንት አለ?" አለኝ። ጋሼ! እሺ፣ እንደ ጋሼ ልናገር።

መጀመሪያ ቀን መቁጠሩን ተዉት። ከመስከረም ጀምሮ የዶርም በር ላይ በቾክ "ይሄን ያህል ቀን ቀረው" ይፃፋል፣ ግቢው አስጠላን፣ ሽሮው ገደለን፣ መቼ ነው የምንገላገለው ምናምን። እኔም ቆጥሬያለሁ። (በኛ ጊዜ ለአንድ ተማሪ ምግብ በቀን የሚመደበው 15 ብር ነበር፣ ለቁርስ ለምሳ ለእራት፣ ስለዚ ስለ ሽሮው የምንለው ሁሉ ልክ ነበር።) መቁጠር ከንቱ መሆኑ የገባኝ ግን በ2012 ባቾች ነው። ለሃንድረድ ዴይ፣ ለምረቃ መቶ ቀን ሲቀር ለሚከበረው፣ ቲሸርት አዘዙኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳትም አደርኩ፣ ከዛ መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ ተባለና ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። ልጆቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ በኔ በር ሲያልፉ የሚያለቅሱት እነማን ነበሩ መሰላችሁ፣ እነዛው ቆጣሪዎቹ። ተመልሰው የጨረሱት በ2013 ነው፣ ቲሸርቱን ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ጀርባው ላይ "100 ቀን ብቻ!!" ይላል፣ እስከዛሬ ማሽን የምወለውለው በሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ። ላስት ወርድ።

መፅሄቱ ላይ ከፎቶህ ስር ሶስት መስመር ይሰጥሃል፣ በቃ። አምስት አመት ኖረህ ሶስት መስመር። እና እሷኑ ሶስት መስመር ከቴሌግራም ቻናል ኮፒ ታደርጋታለህ? በአንድ ባች ውስጥ አስራ አራት ሰው አንድ አይነት ላስት ወርድ አምጥቶልኝ ያውቃል፣ ቃል በቃል፣ የፊደል ስህተቱ ሳይቀር! "ህይወት ጉዞ ነው፣ ጉዞው ደሞ በፈተና የተሞላ..." እያለ ከዶርም ዶርም እየዞረ ሲቪል ላይ ጀምሮ ሜካኒካል ላይ አለቀ። ዘንድሮ ደሞ ቻትጂፒቲ አለላችሁ፣ ሁሉም ባንዴ ፈላስፋ ሆኗል፣ "የእውቀት ችቦ" "የማይጠፋ አሻራ" እያለ የሚያስፅፈኝ ልጅ እኮ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቆሞ ለአንድ ገፅ ኮፒ ዋጋ ሩብ ሰዓት የተከራከረኝ ልጅ ነው።

ምስጋናውስ? "ለቤተሰቦቼ፣ ለጓደኞቼና ለመምህራኖቼ በሙሉ"። ማነው በሙሉ? አንድ ዶርም ውስጥ ከአምስት ሰው ጋር ተኝተሃል፣ ማን እንደሚያንኮራፋ፣ ማን በእንቅልፍ ልቡ እንደሚያወራ፣ ማን የማንን ሳሙና እንደሚጨርስ ታውቃለህ፣ አንዳቸውም ስም የላቸውም? ይሄን ሁሉ አመት ስፅፍ ጣቴን ከኪቦርዱ ያስነሱኝ ሁለት ናቸው። አንዱ ዝም ያለ ልጅ ነው፣ ወረቀቱን በአራት አጥፎ አምጥቶ እስክጨርስ ውጪ ቆመ። "ለዶርም 214። መብራት የጠፋ ለት የቀረችውን አንድ ሻማ ለኔ ትታችሁ እናንተ ኮሪደር ላይ ተቀመጣችሁ። ኤፍ ያላመጣሁት በሷ ሻማ ነው።" ሌላዋ ለእናቷ ነው የፃፈችው፣ "እማ፣ በሶው ገና አላለቀም እያልኩ የዋሸሁሽ ለመላኪያ እንዳትቸገሪ ብዬ ነው። ጥቅምት ላይ አልቋል።" በቃ ይሄው ነው። እንደዚህ ለመፃፍ ገጣሚ መሆን አያስፈልግም፣ የሆነውን ማስታወስ ነው።

የኔን እንዳትጠይቁኝ። "ህልም ያለው ሰው አይተኛም" ብዬ ነው የፃፍኩት፣ የጠዋት ክላስ ተኝቼ ያመለጠኝ ሰውዬ።

የፍቅረኛችሁን ስም የምታስገቡ ደሞ፣ ፋይሉ ማተሚያ ቤት ከገባ ገባ ነው። አንዱ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ደውሎ "ብሮ ስሟን አውጣልኝ" ይለኛል፣ ከየት ነው የማወጣው? አምስት አመት ሙሉ ያልነገሯትን ለምረቃ ሁለት ሳምንት ሲቀር የሚናገሩትን ግን አልከለክልም፣ አንዳንዴ ይሳካል።

ገንዘብ። ለከለር ዴይ፣ ለከልቸር ዴይ፣ ለሱፍ፣ ለፎቶ፣ ለመፅሄት እየተባለ መዋጮው አያልቅም፣ ሁሉም ላይ መገኘት ግዴታ አይደለም። ከአራተኛ አመት ጀምረው እቁብ የጣሉ ሴቶች አውቃለሁ፣ የተዝናኑት እነሱ ናቸው። ተበድሮ ሱፍ የገዛ ደሞ ከምረቃ በኋላ የመጀመሪያ ስራው ስልክ አለማንሳት ነው።

ሶስተኛ ይሁን አራተኛ ጠፋኝ፣ ቤተሰብን "አትምጡ" ማለት። ይሄ ከሁሉም ይብስብኛል። ምክንያቱ ሁሌ ያው ነው፣ መንገዱ ይርቃል፣ ለአንድ ቀን ምን ያለፋቸዋል፣ ስራ ስይዝ ይመጣሉ። እውነቱን እኔ ልንገራችሁ፣ ደስ ይበልህ ይክፋህ አላወቅከውም፣ ሰው "እንኳን ደስ አለህ" ሲልህ ሆድህን ፍርሃት ፍርሃት ይለዋል፣ እና እናትህ ፊትህን እንድታየው አትፈልግም። እኔ ለአባቴ "አባዬ ዝናብ ነው፣ ጭቃው አይመችህም፣ ስራ ስይዝ ራሴ እወስድሃለሁ" አልኩት። ጭቃው እንኳን እውነት ነው፣ ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ቢሆንም ክረምት ላይ ጫማ የሚያስቀርብህ ጥቁር ዋልካ ነው። የምረቃው ቀን የዶርም ሜቴ እናት ድፎውን ቆርሰው በእጃቸው እየሰጡኝ "የናንተ ሰዎችስ የታሉ ልጄ?" ሲሉኝ መንገድ ተዘግቶባቸው ነው አልኩ፣ በጋዋን ዋሸሁ። ከዛ አገር ቤት ስገባ ፎቶውን ለአባቴ ሰጠሁት። ወደ ብርሃኑ ወጣ አድርጎ አየውና "ስንት ሰው ነበር?" አለኝ። ብዙ ነበር አልኩት። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

ማደሪያ የለም የምትሉም አውቃለሁ፣ ኮንዶሚኒየም የተከራየ ሲኒየር አይጠፋም፣ ለሶስት ሰው በሆነች ክፍል ሰባት እንግዳ ሲያድር አይቻለሁ። ጥሯቸው።

ከ2015 ወዲህ ደሞ ኤግዚት ኤግዛም የሚባል የመውጫ ፈተና መጣ፣ ከ100 50 ካልሞላ ዲግሪ የለም። ውጤት የወጣ ለት ግሩፑ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ያለፈው ስቶሪ ይለጥፋል፣ ያላለፈው ፕሮፋይሉን አውርዶ ይጠፋል። ስህተቱ "ትንሽ ይረጋጋ" ብሎ መተው ነው፣ ያ ትንሽ አመት ይሆናል። ድጋሚ መፈተን እንደሚቻል እሱም ያውቃል፣ እሱን እየነገራችሁ አታድርቁት፣ ሄዳችሁ ምሳ አብራችሁት ብሉ።

ሌላው፣ ዶርም ላይ ስለተስማማን ውጪም አብረን እንኖራለን ብሎ ማሰብ። እኛ አራት ሆነን አራተኛ ፎቅ ተከራየን፣ ውሃው በፈረቃ ነው፣ ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት አለ። ግቢ ውስጥ አንድ ሳህን ስንሻማ የነበርን ልጆች በአምስተኛው ወር ተኮራርፈን ተለያየን። ሰበቡ ጄሪካን ነው፣ እውነቱ ግን አንደኛችን ባንክ ገብቶ ጠዋት ጠዋት ሸሚዝ ሲተኩስ ሶስታችን ተኝተን እናየው ስለነበር ነው። እሱ ኪራይ ልጨምር ሲል እንኳን ስድብ መሰለን። ማን ምን እንደሚከፍል፣ አንዱ ስራ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ቁልፍ ሳትቀበሉ አውሩት፣ ሲያወሩት ያስቃል።

ክሊራንስን፣ ማለት የግቢውን ንብረት መልሳችሁ የምታስፈርሙበትን ወረቀት፣ የመጨረሻ ቀን አትጀምሩ፣ ሁሌ አንድ የጠፋ የላይብረሪ መፅሀፍ አለ። ኦሪጅናል ዲግሪ ኮስት ሼሪንጉ (የትምህርት ወጪ መጋራቱ) ሳይከፈል እንደማይሰጥም እወቁ፣ ቴምፖውን (ጊዜያዊውን ዲግሪ) ይዛችሁ መጥታችሁ "ይሄን ኦሪጅናል አስመስልልኝ" እንዳትሉኝ፣ ተብዬ አውቃለሁ።

መታወቂያችሁንም የክሊራንሱ ቀን ትመልሳላችሁ። በማግስቱ የረሳችሁትን ቻርጀር ልታመጡ ስትሄዱ ያ በስማችሁ እየጠራችሁ ሰላም የሚላችሁ ጥበቃ "መታወቂያ?" ይላችኋል፣ ስራው ነው አትቀየሙት። ከምረቃ በኋላ ሶስት አራት ቀን በሩ ላይ የሚያንዣብቡ አሉ፣ እኔ ጋር ገብተው የማያስፈልጋቸውን ወረቀት ኮፒ ያስደርጋሉ፣ አይናቸው በሩ ላይ ነው። ስለዚ ሳትመልሱት በፊት ፊትና ጀርባውን ኮፒ አድርጉት። ግቢ አያስገባችሁም። ግን በከለር እሰራላችኋለሁ፣ ላሚኔሽኑ በኔ ነው።