ሞተሩ ለተቀየረ መኪና ትክክለኛውን ብሎን እንዴት ማግኘት ይቻላል

በባሕር ዳር መንገዶች ላይ ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን ሞተር ትቶ በሌላ ሞተር የሚሠራ መኪና ማየት የተለመደ ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ አንድ ብሎን ሲሰበር ወይም ሲጠፋ፣ ባለቤቱ መለዋወጫ ቤት ሄዶ የመኪናውን ስምና ሞዴል ቢናገር የሚሰጠው ብሎን ላይገጥም ይችላል፤ የመኪናው ስም የሚናገረው ስለ ቦዲውና ስለ ሻንሲው እንጂ አሁን ውስጡ ስለተቀመጠው ሞተር አይደለምና። ብሎኑን የሚወስነው የሚገባበት ቀዳዳ ነው።

ቀዳዳው የማን እንደሆነ ይለዩ

ሞተሩ በተቀየረ መኪና ላይ ያለ ቀዳዳ ከሦስት ወገኖች የአንዱ ነው፦ የገባው ሞተር፣ የቀድሞው መኪና፣ ወይም ሁለቱን ለማገናኘት በብየዳ ቤት የተሠራ ብረት። ብሎኑ ሞኖብሎኮው (የሞተሩ ዋና አካል) ወይም ቴስታታው (በሞተሩ ላይ የሚከደነው ክፍል) ውስጥ የሚገባ ከሆነ የሚፈለገው የሞተሩ ዓይነት ነው፤ ሻንሲው ውስጥ የሚገባ ከሆነ የመኪናው ሞዴል በቂ ነው። ብየዳ ቤት በተሠራው ብረት ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን የትኛውም የፋብሪካ መጽሐፍ አይረዳም፤ ያለው አማራጭ መለካት ብቻ ነው።

የሞተሩን ዓይነት ከሊብሬው ላይ ሳይሆን ሞኖብሎኮው ላይ ከተቀረጸው ጽሑፍ ያንብቡ። ቅያሪው በትራንስፖርት ቢሮ ካልተመዘገበ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር የቀድሞው ሞተር ነው። ለምሳሌ በቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች 2ኤል 2,446፣ 3ኤል 2,779፣ 5ኤል ደግሞ 2,986 ሲሲ ናቸው፤ የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች በመሆናቸው ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ስለዚህ በመልክ መገመት አይበቃም።

ብሎኑን ይለኩ

ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ካለዎት ሥራው ቀላል ነው፤ ከሌለዎት ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት ቤት) ወይም ጋራዥ ውስጥ ማስለካት ይቻላል። መጀመሪያ የብሎኑን ውፍረት በጥርሱ ላይ ይለኩ። 7.8 ወይም 7.9 ሚሊ ሜትር ካነበቡ ኤም 8 (በስሙ 8 ሚሊ ሜትር የሚባለው) ነው፣ 9.8 አካባቢ ከሆነ ደግሞ ኤም 10 ነው፤ ጥርሱ ምንጊዜም ከስሙ ጥቂት ያንሳል። አሮጌ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ መኪና ከሆነ ግን በኢንች የተሠራ ብሎን ሊገጥምዎት ይችላል። 5/16 ኢንች 7.94 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በውፍረት ብቻ ከኤም 8 ጋር ማምታታት በጣም ቀላል ነው።

ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በጥርሱ ርቀት፣ ማለትም ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ባለው ስፋት ላይ ነው። ኤም 10 ብሎን ባለ 1.25 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፣ ባለ 1.5ም ሊሆን ይችላል። የጃፓን መኪኖች በብዛት 1.25ቱን ይጠቀማሉ፤ ተራ ብሎን የሚሸጡ የግንባታ ዕቃ ሱቆች በብዛት የሚይዙት 1.5ቱን ነው። ሁለቱ በዓይን አይለዩም፤ የተሳሳተውም ብሎን ሁለት ሦስት ዙር በጣት ይገባና ከዚያ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ቁልፍ አንስቶ የሚያስገድድ ሰው የሞተሩን ጥርስ ይበላዋል፤ ርካሽ የነበረው ጉዳይም ማስኪዮ ማስመታት (የቀዳዳውን ጥርስ እንደገና ማስወጣት) ወይም ቶርኖ ቤት መሄድ የሚጠይቅ ይሆናል። ርቀቱን ለማወቅ አሥር ጥርስ ቆጥረው ከመጀመሪያው ጫፍ እስከ አሥራ አንደኛው ጫፍ ይለኩ፦ 12.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1.25 ነው፣ 15 ከሆነ 1.5 ነው። ጥርሱ ከዚያ ያጠረ ከሆነ አምስት ቆጥረው ለአምስት ያካፍሉ። መለኪያ በሌለበት ደግሞ ሁለት ብሎኖችን ጎን ለጎን አጋጥመው ወደ ብርሃን ይመልከቱ፤ ጥርስ ለጥርስ ተናክሶ በመካከሉ ብርሃን ካላለፈ ርቀታቸው አንድ ነው።

በቁልፍ ቁጥር ብሎን መጠየቅ አያዋጣም። «ባለ 14 ስጠኝ» የሚለው ጥያቄ ለጃፓን መኪና ብዙ ጊዜ ኤም 10 ማለት ይሆናል፤ በአውሮፓ ሥራ ግን ያው ኤም 10 በ16 ወይም በ17 ቁልፍ ይፈታል። ኤም 8ም እንዲሁ በአንዱ 12፣ በሌላው 13 ቁልፍ ይፈልጋል። የጃፓንና የአውሮፓ ዓይነት ብሎኖች በአንድ ሞተር ላይ ተቀላቅለው ካዩ፣ ቀድሞ የሠራው ሰው ያገኘውን ሁሉ እንደገጠመ ይገምቱና የቀሩትንም ይመርምሩ።

ርዝመቱን ከአሮጌው ብሎን አይቅዱ

ርዝመት የሚለካው ከብሎኑ ራስ (ቁልፍ ከሚይዘው ክፍል) ሥር እስከ ጫፉ ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩ በተቀየረ መኪና ላይ አሮጌው ብሎን ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል ስሌቱን ከመጀመሪያው መሥራት ይሻላል። ቀጭን ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ አስገብተው ጥልቀቱን ይለኩ፤ ከዚያም ብሎኑ የሚያልፍባቸውን ነገሮች ውፍረት ይደምሩ። የፋብሪካው መያዣ 6 ሚሊ ሜትር በነበረበት ቦታ ብየዳ ቤቱ የ10 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከተጠቀመ፣ በላዩም የ2 ሚሊ ሜትር ራንዴላ (ከብሎኑ ራስ ሥር የሚገባ ቀለበት) ካለ፣ ከብሎኑ 12 ሚሊ ሜትሩ የሞተሩን ጥርስ ሳይዝ ያልፋል። በብረት ሞኖብሎኮ ውስጥ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል፣ በአልሙኒየም ውስጥ ደግሞ የውፍረቱን አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ጥርስ መግባት አለበት። ስለዚህ ኤም 10 ብሎን አልሙኒየም ውስጥ ሲገባ 12 ላይ ከ15 እስከ 20 ይደመርና የ30 ሚሊ ሜትር ብሎን ይመረጣል፤ ቀዳዳው ከ18 ሚሊ ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ማለት ነው። ከመጠን በላይ የረዘመ ብሎን የቀዳዳውን ወለል ነክቶ የጠበቀ ይመስላል እንጂ መያዣውን አያጠብቀውም። በቀዳዳው ውስጥ ዘይት ወይም ውኃ ተጠራቅሞ ከሆነ ደግሞ ሲጠብቅ ሞኖብሎኮውን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድመው በጨርቅና በአየር ያጽዱት።

በካምቢዮውና (በማርሽ ሳጥኑና) በሞተሩ መካከል ማገናኛ ሳህን ከገባ የካምቢዮው ብሎኖች በሳህኑ ውፍረት ልክ መርዘም አለባቸው። የሞተሪኖውም (የሞተር ማስነሻው) ብሎን እንዲሁ ሊሆን ስለሚችል አብሮ ይታይ።

ጥንካሬውን ከብሎኑ ራስ ላይ ያንብቡ

በራሱ ላይ 8.8 የሚል ጽሑፍ ያለው ብሎን በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ያህል ሲሳብ የሚበጠስ፣ ከዚህ ኃይል 80 በመቶ ላይ ደግሞ ተለጥጦ የሚቀር ነው። 10.9 ከዚህ ይበረታል። በቶዮታ ብሎኖች ላይ ብዙ ጊዜ 4 ወይም 7 የሚል ነጠላ ቁጥር ይታያል፤ ባለ 7ቱን በ8.8 መተካት ይቻላል፣ ነገር ግን ምንም ጽሑፍ የሌለበትን ብሎን ለሞተር መያዣ፣ ለመሪ ወይም ለፍሬን አይጠቀሙ። ከጥንካሬው ቁጥር ጎን የአምራቹ ምልክት መኖሩንም ያረጋግጡ።

የጣና እርጥበት ብረት ያዝጋልና የማይዝጉትን የሚያብረቀርቁ ብሎኖች የሚመርጡ አሉ። ለሞተር ግን አይመከርም፦ በተለምዶ የሚሸጡት ከ8.8 ይደክማሉ፤ ከአልሙኒየም ጋር ሲገናኙና እርጥበት ሲያገኛቸው ደግሞ አልሙኒየሙ እንዲበላ ያደርጋሉ። ዚንክ የተቀባ 8.8 ይበቃል።

የቴስታታና የቮላኖ (ከሞተሩ ጀርባ የሚሽከረከረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ብሎኖች ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው፤ በተራ ብሎን አይተኩም፣ በሞተሩ ዓይነት ይታዘዛሉ። ከአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ የሚያስልኩ ከሆነ የብሎኑን ፎቶ ከማስመሪያ ጋር አንስተው፣ የሞተሩንም ኮድ ጽፈው ይላኩ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ ብሎን ለመመለስ አይመችም።

መግጠም

አዲሱ ብሎን በጣት ብቻ ቢያንስ አምስት ዙር ሳይጠብቅ መግባት አለበት። ከዚያ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)፣ በመኪናው ሳይሆን በሞተሩ መጽሐፍ ላይ በተጻፈው ልክ ይጠብቅ፤ በብየዳ ቤት ብረት ላይ ለሚገባ ደረቅ 8.8 ብሎን ኤም 8 በ25፣ ኤም 10 ደግሞ ከ45 እስከ 50 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው። በራሱና በመያዣው ላይ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፤ እስከ ጢስ ዓባይ ደርሰው ሲመለሱ መስመሩ ከተላለፈ ብሎኑ ላልቷል ማለት ነው። ከሊብሬው ጋር በሚቀመጥ ወረቀት ላይም «የዲናሞ መያዣ፣ ኤም 10 በ1.25፣ ርዝመት 30፣ ጥንካሬ 8.8» ብለው ይጻፉ፤ ቀጣዩ መካኒክ እንደገና ከመለካት ይድናል።