ትልቅ ጎማ የተገጠመለት ፒካፕ ጭነት ሲከብደው፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ባዶውን ሲነዳ ደህና ነው። ሲጫን ግን ኋላው ወዲህ ወዲያ ይላል፣ የጎማው ጎን ያብጣል፣ ሲቆም ጎማው ከመጋሉ የተነሳ በእጅ አያስነካም።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ጎማው በቁመቱ እንጂ በሚሸከመው ኪሎ አለመመረጡ ነው። ጎማ ስለተለቀ ብቻ ጉልበት አይጨምርም። 35×12.50 በ15 ቸርኬ የሚባለው ግዙፍ ጎማ በሲ የጭነት ደረጃ ሲሠራ የጭነት ቁጥሩ 113 ነው፤ ይህም ለአንድ ጎማ 1150 ኪሎ ማለት ነው። ከእሱ የሚያንሰው ኤልቲ (ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ) 265/70 በ17 ቸርኬ ደግሞ በኢ ደረጃ 121 ይጻፍበታል፤ 1450 ኪሎ ይችላል። በአንድ አክስል ሁለት ጎማ ስላለ 600 ኪሎ ልዩነት አለ፣ ያውም ለትንሹ ጎማ ያደላ።

ቁጥሩ ከጎማው ልክ ቀጥሎ ይገኛል። 121/118 ከሆነ የመጀመሪያው ለነጠላ፣ ሁለተኛው ለጥንድ ጎማ ነው። ሻጭ «ባለ 10 ፕላይ ነው» ብሎ ቢያልፍዎት አይቀበሉ። ይህ የድሮ አጠራር ነው፤ ዛሬ የኢ ደረጃ ጎማ ውስጥ አሥር ንብርብር የለም። ቁጥሩን ራስዎ ያንብቡ።

መፍትሄው፦ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ጽሑፍ የኋላ አክስሉን ከፍተኛ ክብደት ይፈልጉና ለሁለት ያካፍሉ። 2400 ኪሎ ከሆነ ለአንድ ጎማ 1200 ይደርሳል። 115 ቁጥር 1215 ኪሎ ስለሚችል በወረቀት ያልፋል፤ ጭነት ግን እኩል ተከፍሎ አይቀመጥምና እኔ ብሆን ከ118 አልወርድም። ኤልቲ ያልተጻፈበት የቤት መኪና ጎማ ከሆነ፣ በአሜሪካ ደንብ ፒካፕ ላይ ሲገጠም አቅሙ ለ1.1 ይካፈላል። 116 ቁጥር ከ1250 ወደ 1136 ኪሎ ይወርዳል፤ ለዚህ መኪና አይበቃም ማለት ነው።

ቁጥሩ በቂ ሆኖ አሁንም የሚያብጥ ከሆነ ችግሩ ነፋስ ነው። ያ 1450 ኪሎ የሚገኘው በ80 ፒኤስአይ እንጂ በሩ ላይ በተጻፈው 35 አይደለም፤ የበሩ ጽሑፍ ለፋብሪካው ጎማ የወጣ ነው። የጎማው አምራች ያወጣውን የጭነትና የነፋስ ሠንጠረዥ ይከተሉ፤ ልኬቱም ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ይሁን። ጎማው ሲግል የሚያስተነፍሱ አሉ፤ ይህ ነገሩን ያብሰዋል። በተጨማሪ ተራው የላስቲክ ቫልቭ የሚችለው እስከ 65 ፒኤስአይ ስለሆነ ከዚያ በላይ ለሚነፋ ጎማ ጎሚስታው የብረት ቫልቭ ይግጠም። ቸርኬውም የራሱ የክብደት ወሰን አለው።

ምልክት፦ ጥርሱ መሃሉ ላይ ብቻ ያልቃል፣ መኪናው ያንገጫግጫል።

በጭነት ልክ ተነፍቶ ባዶውን ስለሚነዳ ነው። ባዶ ሲሆን በሠንጠረዡ መሠረት ይቀንሱ፤ ሲጫን ይመልሱ። ዳርና ዳሩ ካለቀ ግን ተቃራኒው ነው፦ ነፋስ አንሶታል።

ምልክት፦ መሪ ሙሉ ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎ ይነካል።

ስፋቱ ወይም ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ጎማው የሚፈቅደውን የቸርኬ ስፋት ይጠይቁ፤ ለምሳሌ 285/70 በ17 የሚፈልገው ከ7.5 እስከ 9 ኢንች ነው።

ምልክት፦ ሞተሩ ዳገት ላይ ደከመ፣ የፍጥነት መለኪያው ዋሸ።

ከ265/70 ወደ 285/70 ሲሻገሩ የጎማው ቁመት ከ803 ወደ 831 ሚሊሜትር ያድጋል። መለኪያው 100 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 103.5 አካባቢ ነው። መለኪያውን ማስተካከል ቀላል ነው፤ ጉልበቱን ለመመለስ ግን የዲፈረንሻሉን ጥርስ ምጣኔ መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል።

ምልክት፦ ጎማው 121 ነው፣ ነፋሱም ልክ ነው፤ ባሌስትራው ግን ተኝቷል።

እዚህ ጎማው ጥፋት የለበትም። የመኪናውን የመጫን ወሰን የሚወስኑት አክስሉ፣ ባሌስትራውና ፍሬኑ ናቸው፤ የበሩ ጽሑፍም ጎማ ስለተቀየረ አይለወጥም። ጭነቱን ይቀንሱ።