የጉዞ ኤሌክትሪክ ብስክሌትን ለጠጠርና ለአፈር መንገድ ማዘጋጀት

የጉዞ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ሲሠራ የታሰበለት አስፋልት ነው። ከእንጦጦ ማዶ ባለው የገጠር መንገድ ላይም ይሄዳል፤ ግን ሳይነካ እንዳለ አይደለም። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የፊት አሞርዛተር መቀየርን ነው። ተዉት። 63 ሚሊሜትር በሚተጣጠፍ አሞርዛተር ምትክ የ100 ሲገባ የብስክሌቱ ፊት ከፍ ይልና መሪው ለመታጠፍ ይዘገያል፤ ገንዘቡም ትንሽ አይደለም። ለውጡ የሚጀምረው ከጎማ ነው።

በጎማው ጎን ላይ 40-622 የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። 40 ስፋቱ ነው፣ 622 ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በሚሊሜትር ነው። 622ቱ አይነካም፤ ስፋቱ ግን ወደ 47 ሊያድግ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ጎማው ከሻሲው ጋር በጣም የሚቀራረብበትን ቦታ ለኩ፤ ብዙውን ጊዜ ከፔዳሉ ኋላ፣ ሁለቱ የታች ቱቦዎች መሐል ነው። አዲሱ ጎማ ከገባ በኋላ በግራም በቀኝም ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ክፍት መቅረት አለበት። መሐሉ ለስላሳ፣ ጎንና ጎኑ ጥርስ ያለው ጎማ ምረጡ፤ መሐሉም ጥርስ ከሆነ አስፋልት ላይ ባትሪ ይበላል። ዲያሜትሩ ወደ 2 በመቶ ስለሚጨምር የፍጥነት ማሳያው ከእውነቱ ያነሰ ያነባል፤ ጎማውን አንድ ዙር መሬት ላይ አንከባሉና የለካችሁትን ርዝመት ማሳያው ውስጥ አስገቡ።

ነፋሱ ከጎማው እኩል ዋጋ አለው። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰውና 25 ኪሎ ለሚመዝን ብስክሌት በ47 ጎማ ከፊት 30፣ ከኋላ 38 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። ጎሚስታው ልማድ ሆኖበት 60 ከሞላው ብስክሌቱ ጠጠር ላይ ይዘላል፣ ዳገት ላይም የኋላው ጎማ ይሽከረከራል። በተቃራኒው የውስጥ ጎማው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካገኛችሁ ነፋሱ አንሶ ቸርኬው ድንጋይ መትቷል ማለት ነው፤ 4 ፒኤስአይ ጨምሩ። ሻንጣ ከተጫነ ለኋላው 5 ይጨመር።

ፓራፋንጎ በክረምት ጠላት ይሆናል። ዋልካ አፈር በጎማውና በፓራፋንጎው መሐል ተጠቅጥቆ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። የፊተኛውን አውጡት፤ የኋለኛውን 15 ሚሊሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ። ዋልካው ጨርሶ ከራሰ ግን የትኛውም ማስተካከያ አያወጣችሁም፤ በሌላ መንገድ ሂዱ።

ሁለተኛው ወጪ ፍሬን ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወረድ 100 ኪሎ የሚይዝ የፊት ዲስክ 160 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ይግላል። የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ የሚፈቅድ ከሆነ (መመሪያው ላይ ተጽፏል) 180 ዲስክና ማያያዣውን ግዙ። የሬዚን (የሙጫ) የፍሬን ሸራ ጭቃ ውስጥ ቶሎ ያልቃል። የብረት ሸራ ይበረክታል፤ ለሬዚን ብቻ የሚል የታተመበት ዲስክ ላይ ግን አይገባም፣ ዲስኩን ይበላዋል። አዲስ ሸራ ከ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 20 ጊዜ ያህል ቀስ እያለ ካልተያዘ አይነክስም። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሳትለቁ አትያዙ፤ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ እንደገና ያዙ።

ለመቀመጫ 27.2 ሚሊሜትር ቱቦ ያለው ብስክሌት አሞርዛተር ያለው ዘንግ ይቀበላል፤ 40 ሚሊሜትር መተጣጠፍ ለኮረኮንች ይበቃል።

ሞተሩ ፔዳሉ ጋ ከሆነ ዳገቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ፤ ሙሉ ኃይል ላይ ማርሽ መቀየር ሰንሰለት ይበጥሳል። ልል ጠጠር ላይ ቱርቦን፣ ማለትም የሞተሩን ከፍተኛ የእገዛ ደረጃ፣ አጥፉት። ሞተሩ የኋላው ጎማ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ሙቀት ነው፤ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ በጣም ዝግ ብሎ መውጣት ያግለዋል፣ ስለዚህ በፔዳል አግዙት።

የፖርቶመጋላውን ብሎኖች አውጥታችሁ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርጉባቸው፤ ኤም 5 (5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው) ከሆኑ በ5 ኒውተን ሜትር ኃይል ማጥበቅ ይበቃል። ባትሪው ቤቱ ውስጥ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ስስ የጎማ ቴፕ ለጥፉ፤ ካልሆነ መገናኛው ይፋፋቃል፣ ኃይልም ይቆራረጣል። ላቫጆ አትውሰዱት፤ የግፊት ውኃ ሞተሩ ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል። ባልዲና ብሩሽ ይበቃል።

ሞተሩ የኋላ ጎማ ውስጥ ላለ ብስክሌት ከፓምፓና ከውስጥ ጎማ ሌላ ለዳዶው የሚሆን ቁልፍ ያዙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 18 ሚሊሜትር ነው። ያለሱ የኋላው ጎማ አይወጣም።