የሄሊካል ሲቲ ስካን ዳታን እንዴት ወደ ምስል እንደምንቀይር (አንዷ ስቴፕ ሳምንት በልታብኛለች)

ከኮምቦልቻ በሐረጎ ወደ ደሴ የወጣ ሰው ሄሊካል ሲቲ (እየተጠማዘዘ በኤክስሬይ የሰውነት ውስጥን የሚያነሳው ስካን) ግማሹ ገብቶታል። መኪናው ይዞራል ይዞራል፣ ቅድም ያለፋችሁት ኩርባ ግን አሁን ከስራችሁ ነው። ስካነሩም እንደዛው፣ የኤክስሬይ ቱቦው ሲዞር አልጋው ስለሚንሸራተት አንዱ ዙር ሌላኛው ላይ አይገጥምም፣ ጣጣው ሁሉ ከዚች ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ዲቴክተሩ (ጨረር መቀበያው) ላይ የደረሰውን ጨረር ምንም ሳይነካው ለሚደርሰው አካፍሉና ኔጌቲቭ ሎግ ውሰዱ። ዜሮ የሆነ ልኬት ካለ ሎጉ እንዳይፈነዳባችሁ በትንሽ ቁጥር ተኩት፣ በቃ።

ቀጥሎ ኢንተርፖሌሽን። ለመረጣችሁት ስላይስ (የአካሉ ቀጭን ቁራጭ) በየአንግሉ ልክ እዛው ቦታ ላይ የተነሳ ልኬት የለም፣ ስለዚህ ከበፊቱ ዙርና ከቀጣዩ ዙር ያንኑ አንግል ወስዳችሁ እንደ ቅርበታቸው ትደባልቃላችሁ። አልጋው በአንድ ዙር 10 ሚሊሜትር ቢሄድና ስላይሱ ከበፊቱ ልኬት 3 ሚሊሜትር ቢርቅ የበፊቱ በ0.7 የቀጣዩ በ0.3 ይባዛል። ይሄ ሙሉ ዙር (360 ዲግሪ) የሚጠብቀው ባለ 360ው ነው፣ ቀላል ነው ግን ስላይሱን ያወፍረዋል።

ቀጠን ያለ ስላይስ ለሚፈልግ ባለ 180ው ይሻላል፣ ከተቃራኒ አቅጣጫ የመጣ ጨረር ያንኑ መስመር ስለሚያልፍ ሙሉ ዙር መጠበቅ የለም (ኖይዙ፣ ማለትም ምስሉ ላይ የሚበተነው ነጠብጣብ፣ ግን ይጨምራል)። እኔ የተበላሁት እዚህ ጋ ነው። ተቃራኒ ከሆነማ ብዬ ለሁሉም ጨረር 180 ደመርኩ፣ ጨረሩ ግን እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ስለሆነ 180 የሚሠራው ለመሀለኛዋ ብቻ ነው፣ ለሌሎቹ ከመሀል ያፈነገጡበት አንግል ሁለት እጥፍ ይጨመራል፣ ዲቴክተሩም ላይ በሌላኛው ጎን ነው የምታገኟቸው። የባሰው ደሞ ቴስቱ አለፈ! ለምን፣ የሞከርኩት ልክ መሀል ላይ በተቀመጠ ሲሊንደር ነዋ፣ እሱ ከየትም ብታዩት አንድ ነው፣ ስህተቴን ዋጥ አርጎ ዝም። ወደ ጎን ገፋ ሳደርገው ነው ጠርዙ ድርብ ሆኖ ጉዴ የወጣው። እናንተ ከመሀል በወጣ ነገር ሞክሩ። ፕላስ ይሁን ማይነስ ደሞ በአዟዟሩ ስለሚወሰን ከሰው ኮድ ዝም ብላችሁ አትቅዱ።

ከዛ የተለመደው ፊልተርድ ባክፕሮጀክሽን ነው (ልኬቶቹን አጣርቶ በመጡበት መስመር ወደ ምስሉ መልሶ መዘርጋት)፣ የርቀት ክብደቱን (ነጥቡ ከቱቦው ባለው ርቀት መመዘኑን) አትርሱ። ፊልተር ከዘለላችሁ ምስሉ የደሴ የክረምት ጉም ነው የሚመስለው። ራምፕ (መደበኛው ፊልተር) ብቻውን ኖይዝ ስለሚያጎላ እኔ ሁሌ ሃን ዊንዶው (ማለስለሻ) አደርግበታለሁ። መጨረሻ ላይ በሲቲ መለኪያው (ሃውንስፊልድ) ውሃ 0 አየር ደሞ −1000 እንዲሆን የምስሉን ቁጥሮች አስተካክሉ።

ይሄ ሁሉ ለባለ አንድ ረድፍ ዲቴክተር ነው። ረድፉ ሲበዛ ጨረሩ ኮን ይሆናል፣ ያኔ በ1984 ለክብ ዙር የወጣውን ኤፍዲኬ የሚባል ቀመር ለሄሊክስ (ለጠመዝማዛው) አስተካክሎ መጠቀም ይቻላል፣ ውጤቱ ግን ግምታዊ ነው። ትክክለኛውን ቀመር ለሚፈልግ ካትሴቪች በ2002 ያወጣው አለ፣ ኮዱን ለመጻፍ ግን ትዕግስት ያስፈልጋል። ኢተሬቲቭ (ምስሉን እየገመተ ደጋግሞ የሚያርመው ዘዴ) ይሻላል የምትሉም አላችሁ፣ ኖይዝ ላይ እውነታችሁን ነው፣ እኔ ግን አቦል ሲቀዳ ያስጀመርኩት በረካው ተጠጥቶ ረከቦቱ ተነስቶም እየዞረ ነበር፣ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ በየ10 ድግግሞሹ ሴቭ አድርጉ።