ጭንቀትና የሚመላለስ ሐሳብ ሲያስቸግር ከራስ ጋር እንዴት መነጋገር ይቻላል?

ሲጨንቀን ራሳችንን «ምንም አይፈጠርም» እያልን ማጽናናት ልማዳችን ነው። ለተራ ስጋት ይህ አይከፋም። አንድ ሐሳብ እየተመላለሰ አላስቀምጥ ላለው ሰው ግን ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሐሳቡ ወዲያው «በምን አወቅህ?» ብሎ ይመለሳል፣ ሰውየው እንደገና ራሱን ያሳምናል፣ ሐሳቡም እንደገና ይጠይቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አነጋገር ሐሳቡን ተከራክሮ ለመርታት አይደለም። ሐሳቡ እያለም ሥራ ለመሄድ፣ ለመጸለይ፣ ለመተኛት እንዲያስችል ነው።

ደረጃ 1፦ ሐሳቡ የሚለውን ይጻፉ

ለአንድ ሳምንት ትንሽ ደብተር ይያዙ። ጭንቀቱ በመጣ ቁጥር የት እንደነበሩ፣ ሐሳቡ ምን እንዳለ፣ ከዚያም ምን እንዳደረጉ ያስፍሩ፦ «ማክሰኞ ጠዋት፣ ታክሲ ውስጥ። ቡታጋዙን ሳልዘጋ ወጥቻለሁ፣ ቤቱ ይቃጠላል። ወርጄ ተመለስኩ።» ይበልጥ የሚጠቅመው የመጨረሻው ነው፤ ጭንቀቱን የሚቀልበው ያደረጉት ነገር ነውና። ከሁለት መስመር አያስበልጡ። ዝርዝሩ ከበዛ መጻፉ ራሱ ሌላ ማጣራት ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ተራውን ስጋት ከሚመላለሰው ይለዩ

የቤት ኪራይ ከየት አመጣለሁ የሚል ስጋት መፍትሔ ሲያገኝ ጋብ ይላል። ለእሱ ራስዎን «ዛሬ ማድረግ የምችለው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፣ የቻሉትን ያድርጉ፣ የቀረውን ለነገ ያቆዩ።

የሚመላለስ ሐሳብ ግን ትናንት መልስ አግኝቶ ዛሬም ያንኑ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜም የሚያስደነግጥ ነው፤ ልጇን የምትወድ እናት ቢላዋ ስታይ «ብወጋውስ?» የሚል ይመጣባታል፣ ምእመኑ በጸሎት መሃል የስድብ ቃል ይመጣበታል። ራክማንና ዴ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመላለስ ሐሳብ ሕመም (በእንግሊዝኛ OCD የሚባለው) በሌለባቸው አብዛኞቹ ሰዎችም ላይ ብልጭ ይላል። እነሱ ትርጉም ስለማይሰጡት ያልፋል።

ደረጃ 3፦ የሚያምኑትን አጭር ቃል ያዘጋጁ

«እኔ ጀግና ነኝ፣ ምንም አልፈራም» የሚሉ ትልልቅ ቃላት አይጠቅሙም። ጆአን ውድና ባልደረቦቿ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» እያሉ ሲደጋግሙ ስሜታቸው ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ስለዚህ የጻፉትን ቃል ጮክ ብለው ያንብቡና ምን ያህል እንደሚያምኑት ከ10 ነጥብ ይስጡ። ከ7 በታች ከሆነ ቃሉን ዝቅ ያድርጉት፦ «ፈርቻለሁ። ከዚህ በፊትም እየፈራሁ ሠርቻለሁ።»

ለሚመላለሰው ሐሳብ የሚሆነው ቃል ሦስት ነገር ይኑረው፦ ሐሳቡን በስሙ መጥራት፣ ጥያቄውን ሳይመልሱ መተው፣ ቀጥሎ የሚያደርጉትን መናገር። «ያ ሐሳብ መጣ። ቡታጋዙ ተዘግቶ ይሆናል፣ ላይዘጋም ይችላል። እኔ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።» መካከለኛው ዓረፍተ ነገር ይከብዳል፣ መዝለልም ያምራል። ግን ፈውሱ ያለው እዚያ ነው፤ ይህ ሕመም የሚጠይቀው ፍጹም እርግጠኝነትን ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም ሊሰጠው አይችልም። ለጸሎቱም እንዲሁ፦ «ያ ሐሳብ መጣ። ጸሎቴን ካለሁበት እቀጥላለሁ።» ከመጀመሪያው አይጀምሩ። ውዱእ ደጋግሞ የሚያድስ ሰውም አንዴ አድርጎ ወደ ሶላቱ ይሂድ።

ራስን በስም ጠርቶ መናገር ብዙዎችን ያረጋጋል፦ «አይዞሽ አልማዝ፣ ከብዶሻል፣ ግን ትችዪዋለሽ።» ለምትወዱት ሰው በምትናገሩበት ድምፅ ይሁን።

ደረጃ 4፦ አንዴ ይበሉት፣ ከዚያ እጅዎን ሥራ ያስይዙ

ቃሉን አንድ ጊዜ ብለው ወደ ያዙት ሥራ ይመለሱ። ተመልሶ የማየት ፍላጎቱ ከበረታ ለ5 ደቂቃ ብቻ ያቆዩት። 5 ደቂቃው ሲያልፍ ሌላ 5 ይጨምሩ። በሚቀጥሉት ቀናት ወደ 10፣ ወደ 20 ያሳድጉት፣ በመጨረሻም ጨርሶ ሳያዩ ይቅሩ። ጭንቀቱ መጀመሪያ ይጨምራል፤ ይህ ዘዴው እንዳልሠራ ምልክት አይደለም። ሳይነኩት ከቆዩ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወርዳል፣ ባይወርድም እያለ መኖር እንደሚቻል ይማሩበታል።

ምን ያበላሸዋል?

ዋናው ብልሽት ቃሉን እንደ ድግምት መደጋገም ነው። «በትክክል አላልኩትም» ብለው እንደገና ማለት ከጀመሩ ቃሉ ራሱ የሕመሙ አካል ሆኗልና ይለውጡት፣ ወይም ያለ ቃል ወደ ሥራዎ ይሂዱ። ባለቤትን «ዘግቼዋለሁ አይደል?» ብሎ መጠየቅ፣ የቡታጋዙን ፎቶ በስልክ አንስቶ መንገድ ላይ እያጎሉ ማየት፣ ያንኑ ሐሳብ ለንስሐ አባት በየሳምንቱ መናዘዝ ሁሉም ለጊዜው አሳርፈው ጥርጣሬውን ያጠነክራሉ። ቤተሰብም አብሮ ይስማማ፦ «ይህ ያ ጥያቄ ነው፣ አልመልስልህም፣ ግን አብሬህ ነኝ» ማለት ጭካኔ አይደለም።

ሐሳቡን ለማባረር መታገልም አያዋጣም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነር በ1987 እ.ኤ.አ. ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ሲያዛቸው፣ ድቡ ደጋግሞ በሐሳባቸው ይመጣ ነበር።

ሐኪም ዘንድ መቼ?

ሐሳቡና እሱን ተከትሎ የሚደረገው ነገር በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ከወሰደ፣ ወይም ሥራና ትዳርን ካወከ፣ ብቻዎን አይታገሉ። አዲስ አበባ ያለ ሰው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሂድ፤ ሌላ ቦታ ያለ በአቅራቢያው ጤና ተቋም ይጀምር። የሚፈሩትን ነገር በጥቂት በጥቂቱ እየቀረቡ ማጣራቱን ለመተው የሚረዳ ሥነ ልቦናዊ ሕክምና አለ። እንደ ፍሎክሰቲን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ፤ ለዚህ ሕመም ግን ውጤታቸው ለመታየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለው አይተዉት፣ ሲሻልዎትም ያለ ሐኪም ምክር በድንገት አያቋርጡት። ራስን የማጥፋት ፍላጎት ወይም ዕቅድ ካለ ግን ደረጃዎቹን ትተው በዚያው ቀን፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር ሆነው፣ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።