በሻፍት የሚሠራ ሞተር ሳይክልን የኋላ ማርሽ ዘይት በቤት እንዴት መቀየር ይቻላል

ጅማ ውስጥ ከሚዞሩት ሞተር ሳይክሎች አብዛኞቹ ኃይላቸውን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሱት በሰንሰለት ነው። እንደ ቢኤምደብሊው አር1200ጂኤስ እና ያማሃ ሱፐር ቴኔሬ 1200 ያሉት ግን በሰንሰለት ፋንታ የሚሽከረከር የብረት ዘንግ (ሻፍት) አላቸው፤ ሻፍቱም በኋላ ጎማው መሐል ባለ የአሉሚኒየም ቤት ውስጥ ከተገጠሙ ሁለት ማርሾች ጋር ይገናኛል። መካኒኮች ይህን ቤት ከመኪናው ጋር በማመሳሰል ዲፈረንሻል ቢሉትም፣ ኃይልን ለሁለት ጎማ የሚያከፋፍል ነገር በውስጡ የለም፤ ሥራው የሻፍቱን ዙር በዘጠና ዲግሪ አዙሮ ለጎማው መስጠት ነው። ሰንሰለት ሲደርቅ ስለሚጮኽ ባለቤቱን ያስታውሳል፤ ይህ ቤት ግን ዝምተኛ በመሆኑ ይረሳል።

ቤቱ የሚይዘው ዘይት እጅግ ጥቂት ነው። ለሱፐር ቴኔሬው 200 ሚሊ ሊትር፣ ለአር1200ጂኤሱ ደግሞ 180 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል፤ በቡና ሲኒ ቢሰፈር ሁለት ሦስት ሲኒ ቢሆን ነው። በዚህ መጠን ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ቢገባ ትልቅ ነገር ነው። ዝናቡ ብዙ ወራት በሚዘልቅበት በእኛ አካባቢ፣ በጉዞ የሞቀው ቤት ድንገት ቀዝቃዛ ኩሬ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው ወይም ዘይቱ እንዳይፈስ በሚያሽገው ባረጀ የጎማ ቀለበት (ሲል) በኩል እርጥበት ሊስብ ይችላል። ብዙዎቹ የአምራች መመሪያዎች ዘይቱ መጀመሪያ በ1,000 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም በየ20,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር ያዛሉ። እኔ ግን ክረምቱን በጭቃ ውስጥ የዋለ ሞተር፣ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም፣ ዝናቡ እንዳባራ ቢቀየርለት እመርጣለሁ፤ ወጪውም የሚያሳስብ አይደለም።

የሚያስፈልገው ዘይት ሃይፖይድ ለሚባለው፣ ጥርሶቹ እየተንሸራተቱ ለሚገናኙት የማርሽ ዓይነት የተዘጋጀ ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 75ደብሊው-90 ወይም 80ደብሊው-90፣ በዕቃው ላይ የሚጻፈው የማርሽ ዘይት ደረጃው ጂኤል-5 ሲሆን፣ ጂኤል-4 የሚጠይቁ ሞዴሎችም ስላሉ የራስዎን መመሪያ አስቀድመው ያንብቡ። የሞተር ዘይት አይተካውም፤ ምክንያቱም የእነዚህ ማርሾች ጥርሶች እርስ በርስ የሚሽከረከሩ ብቻ ሳይሆን በከፍተኛ ጫና የሚንሸራተቱም በመሆናቸው፣ ብረት ከብረት እንዳይፋተግ የሚከላከል ድኝ ያለበት ቅመም ያስፈልጋቸዋል። ያ የሚከረፋ ሽታ የሚመጣው ከዚሁ ድኝ ነው፤ ቡና ደግሞ ሽታ ስለሚወስድ፣ ግቢዎ ውስጥ የተሰጣ ቡና ካለ ሥራውን ራቅ ብለው ይሥሩ።

ከዘይቱ ሌላ በቤቱ ላይ ላሉት ለሁለቱ ቡሎኖች (ለመሙያውና ለማፍሰሻው) የሚሆን ቁልፍ፣ ከቡሎኑ ሥር የሚገባ አዲስ ማሸጊያ ቀለበት (ሮንዴላ)፣ ትልቅ ሲሪንጅ ከአጭር ቱቦ ጋር፣ አሮጌውን ዘይት የሚቀበል ንጹሕ ዕቃ፣ ጨርቅና ፌስታል ያዘጋጁ። መቀመጫ የሚሆን ደግሞ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ አለ፤ ከፍታው ለዚህ ሥራ ታስቦ የተሠራ ይመስላል።

ዘይት ሲሞቅ ስለሚቀጥንና ከታች የዘቀጠውንም ይዞ ስለሚወርድ፣ አስቀድመው ሞተሩን አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይንዱት፤ ወደ ጅሬን ወጥቶ መመለስ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያም በሁለቱ ቡሎኖች ዙሪያ ያለውን ጭቃ አጥበው ያድርቁ፣ ሞተሩን ደልዳላ መሬት ላይ በመሐል ማቆሚያው ቀጥ አድርገው ያቁሙ፣ ጎማውንና የፍሬኑን ዲስክ በፌስታል ይሸፍኑ። የጭስ ማውጫው ገና ትኩስ እንደሆነ አይርሱ።

አሁን ማፍሰሻውን ሳይሆን መሙያውን ቡሎን በመጀመሪያ ይክፈቱ። ይህን ቅደም ተከተል የተማርኩት ተሳስቼ ነው፤ አሮጌውን ዘይት አፍስሼ ከጨረስኩ በኋላ፣ ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ከልክ በላይ ያጠበቀው የመሙያ ቡሎን አልፈታ ብሎኝ፣ ሞተሩ ያለ ዘይት ቆሞ ሰነበተ። መሙያው እሺ ካላለ ማፍሰሻውን አይንኩ፤ አሮጌ ዘይት ያለው ሞተር ቢያንስ እስከ ጋራዥ ይደርሳል።

መሙያው ከተከፈተ ዕቃውን ከሥር አድርገው ማፍሰሻውን ይፍቱ፤ አሥር ደቂቃ ያህልም ይታገሡ። በጠቅላላው ሥራ ውስጥ ትልቁን ትኩረት የሚፈልገው የሚቀጥለው ነገር ነው፤ እርሱም የወጣውን ዘይት ማንበብ ነው። ጠቆር ያለ ነገር ግን ጥርት ያለ ዘይት ጤነኛ ነው። ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ እንዲህ ከሆነ አዲሱን ዘይት ሞልተው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ደግመው ይቀይሩት፣ ውሃው የገባበትንም ቦታ ያስፈትሹ። ብዙ የማፍሰሻ ቡሎኖች ጫፋቸው ላይ ማግኔት አላቸው። በእርሱ ላይ የተጣበቀው ግራጫ ነገር በጣት ሲታሽ እንደ ቅባት ከለሰለሰ የተለመደ የማርሽ ብናኝ ነው፤ ጣት የሚወጋ ስባሪ ካለው ግን ኩሽኔታው ወይም የማርሹ ጥርስ እየተበላ ነው። ለማረጋገጥ የኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት፤ ቢወላወል፣ አዲስ ዘይት መጨመር ጉዳቱን ከመደበቅ በቀር ፋይዳ የለውም።

ማግኔቱን ጠርገው ማፍሰሻውን በአዲስ ሮንዴላ ይግጠሙ። ቡሎኑ የሚጠመዘዝበት የቤቱ ጥርስ አሉሚኒየም ስለሆነ በቀላሉ ይበላል። በጠቀስኳቸው ሁለት ሞዴሎች የሚፈለገው የማጥበቂያ ኃይል ከ20 እስከ 23 ኒውተን ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ መለኪያ ቁልፍ ከሌለዎት አጭር ቁልፍ ይዘው በእጅ አንጓ ኃይል ያጥብቁ።

ቀጥሎ አዲሱን ዘይት በሲሪንጅ ቀስ እያሉ ይሙሉ። በአንዳንድ ሞዴሎች ዘይቱ የመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር እስኪደርስ ይሞላል፤ በሌሎች ደግሞ ቀዳዳው ከፍ ያለ በመሆኑ የታዘዘው ሚሊ ሊትር ተለክቶ ይገባል፤ ሁለቱን ማምታታት ከልክ በላይ መሙላትን ያስከትላል። ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ትርፍ ከሆነ ሲሉን ገፍቶ ሊወጣና ወደ ፍሬኑ ሊደርስ ስለሚችል፣ «ትንሽ ቢጨመር ምን ይጎዳል» የሚለው ደግነት እዚህ ላይ አይሠራም። ሲጨርሱ መሙያውን ዘግተው ዙሪያውን በደንብ ይጥረጉ፣ ኪሎ ሜትሩን ይመዝግቡ። አሮጌውን ዘይት በጀሪካን ዘግተው ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይስጡ፤ ቦይ ውስጥ የተደፋ ዘይት አዌቱ ወንዝ መግባቱ አይቀርም።

በመጨረሻም አጭር መንገድ ነድተው ከተመለሱ በኋላ ከኋላ ጎማው ሥር ካርቶን አንጥፈው ያሳድሩት። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጠብታ ካገኙ ከየት እንደመጣ ይከታተሉ። ከቡሎኑ ከሆነ ሮንዴላውን መለወጥ ይበቃል፤ ከጎማው በኩል ከሆነ ግን የሲል ጉዳይ ስለሆነ ሞተሩን ሳይነዱ መካኒክ ይጥሩ።